ጠንካራ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል? ከኃይለ ቃል እስከ እርማት

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ድምፅ አውጥተው ለማንበብ ይሞክሩ፦

«ባሕር ዛፍ በአገራችን በስፋት የሚገኝ ዛፍ ሲሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እያገለገለ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ቅጠሉን ለጉንፋን የሚታጠኑት ሰዎች ያሉ ሲሆን በአንጻሩ ደግሞ ውኃ ስለሚጠጣ በእርሻ ላይ ጉዳት እያስከተለ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው። ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት ለጉዳዩ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።»

መረጃው ሐሰት የለበትም። ሆኖም አንብበው ሲጨርሱ ጸሐፊው ምን እንዳለ ቢጠየቁ «ስለ ባሕር ዛፍ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አያገኙም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብቻውን 37 ቃል ነው፤ አራት ነጥቡ ላይ እስኪደረስ ትንፋሽ ያልቃል። ከዚህ በታች ይህንኑ ጉዳይ ይዘን፣ ደረጃ በደረጃ፣ አንባቢ የሚስማማበት ወይም የሚሟገተው አንቀጽ እናደርገዋለን። አሠራሩ ለክፍል ድርሰትም፣ ለቢሮ ሪፖርትም፣ ለጋዜጣ አስተያየትም ያገለግላል።

መጀመሪያ ስለ መጠን። ለመለማመጃ ከ5 እስከ 8 ዐረፍተ ነገር፣ ከ70 እስከ 120 ቃል ያለው አንቀጽ ይበቃል። ይህ ሕግ ሳይሆን የእጅ ልክ ነው። የአማርኛ ቃል ብዙ ይሸከማል፤ «ስላልነገረችኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ምክንያቱ፣ አሉታው፣ አድራጊዋና የተደረገበት ሰው ሁሉም አሉ። ስለዚህ 100 የአማርኛ ቃል ቀላል ቦታ አይደለም፤ አንድ ሐሳብ ከነማስረጃው በደንብ ያስቀምጣል።

ደረጃ 1፦ ርእሱን ወደ አቋም መለወጥ

ብዙ አንቀጽ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። ርእስና ሐሳብ አንድ አይደሉም። «የባሕር ዛፍ ጥቅምና ጉዳት» ርእስ ነው። «ስለ ባሕር ዛፍ ጥቅምና ጉዳት እንመለከታለን» ማስታወቂያ ነው። «ባሕር ዛፍ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ደግሞ ስለ ጨው፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ዝናብ ሊባል የሚችል ነገር ነው፤ እውነት ቢሆንም ማንም አይከራከረውም፤ ስለዚህ የሚያስረዳው ማስረጃ አይፈልግም፤ ማስረጃ ካልፈለገ ደግሞ አንቀጽ አይወጣውም።

የሚፈለገው ኃይለ ቃል ነው፤ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የተሸከመ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር። ለእኛ ምሳሌ ይህን እንምረጥ፦

«ባሕር ዛፍ ሰብል በሚዘራበት ማሳ ዳር መተከል የለበትም።»

መፈተኛው ቀላል ነው። ዐረፍተ ነገሩን የሰማ ሰው «ለምን?» ወይም «እንዴት?» ብሎ ከጠየቀ ኃይለ ቃል ሆኗል። «እሺ» ብሎ ዝም ካለ ገና ርእስ ነው። ሁለተኛው መፈተኛ ስፋቱ ነው። «ባሕር ዛፍ ከአገሪቱ መጥፋት አለበት» የሚለው «ለምን?» ያስብላል፤ ነገር ግን በ100 ቃል አይረታም። ማሳ ዳር የሚለው ገደብ ነው አንቀጹን የሚያድነው። ኃይለ ቃልዎ ሰፍቶ ከታየዎት ቦታ፣ ጊዜ ወይም ወገን ይጨምሩበት፤ የት? መቼ? ለማን?

ኃይለ ቃል በአንቀጽ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ሊገኝ እንደሚችል በትምህርት ቤት ተምረናል። እውነት ነው፤ ግን ሦስቱ ቦታዎች እኩል አይደሉም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ «ባሕር ዛፍ ሰብል በሚዘራበት ማሳ ዳር መተከል…» ተብሎ እስኪነበብ ድረስ «አለበት» ይሁን «የለበትም» አይታወቅም። ቋንቋው ራሱ ፍርዱን ያዘገያል። በዚህ ላይ ኃይለ ቃሉንም ወደ መጨረሻ ከወሰድነው አንባቢው ሁለት ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ ለገላጭና ለአመዛዛኝ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ አጭርም ይሁን፤ ከ6 እስከ 12 ቃል። መጨረሻ ላይ የሚያምረው በተራኪ ጽሑፍ ነው፤ ድርጊቱ ተነግሮ ትርጉሙ በኋላ ሲገለጥ።

ደረጃ 2፦ ያለውን ሁሉ መዘርዘር፣ ከዚያ መጣል

ስለ ጉዳዩ የሚያውቁትን በአጭር በአጭሩ ይጻፉ፤ ለማሳመር አይድከሙ። ስለ ባሕር ዛፍ የሚከተለው ይወጣል፦ መገኛው አውስትራሊያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባን ማገዶ ባጠራት ጊዜ ገባ። ቶሎ ያድጋል። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አጣናው ለጭቃ ቤትና ለፎቅ ግንባታ መወጣጫ ይሆናል። ቅጠሉ ምጣድ ያሰማል። ለጉንፋን ይታጠናል። ብዙ ውኃ ይጠጣል። ሥሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ጥላው ሰብል ይጎዳል። የጎረቤትን ማሳም ይነካል።

አሁን እያንዳንዱን ከኃይለ ቃሉ ጎን ያቁሙና «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል በመሀል ያስገቡ። «ማሳ ዳር መተከል የለበትም፤ ምክንያቱም ሥሩ ወደ ጎን ይሄዳል» ይገጥማል። «ማሳ ዳር መተከል የለበትም፤ ምክንያቱም ለጉንፋን ይታጠናል» ያስቃል። የሚያስቀው ሁሉ ይውጣ። የምኒልክ ታሪክ እጅግ የሚስብ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ ቢሆንም ይህ አንቀጽ ቦታው አይደለም። የሚያውቁትን ጥሩ ነገር መጣል ያማል፤ ለሌላ አንቀጽ ያቆዩት።

«ምክንያቱም» ያልሠራለት ሁሉ ግን አይጣልም። «ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል» የሚለው ከኃይለ ቃሉ ጋር ይጋጫል፤ ለገበሬው ተደጋጋሚ ገቢ ነውና ተከራካሪው የሚያነሣው ነጥብ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን አንዱን፣ በጣም ጠንካራውን፣ ለይተው ያስቀምጡ፤ በኋላ «እርግጥ» ብለው ያነሡታል። ተቃራኒውን ሐሳብ ያልጠቀሰ አመዛዛኝ አንቀጽ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ ዘንድ ክብደት የለውም። ሁለትና ሦስት ተቃራኒ ነጥብ ቢያስገቡ ግን አንቀጹ አቋሙ ይጠፋበታል።

ከ3 እስከ 4 የሚሆኑ ነጥቦች ከቀሩ በቂ ነው። አንድ ብቻ ከቀረ ኃይለ ቃሉን ያጥብቡ ወይም ተጨማሪ ይፈልጉ፤ ያንኑ አንዱን በሦስት አነጋገር ደጋግሞ መጻፍ ማስረጃ አይሆንም። «ጎጂ ነው፣ ጉዳቱም ከፍተኛ ነው፣ አሳሳቢም ሆኗል» ያለ ሰው የተናገረው አንድ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ቅደም ተከተሉን መወሰን

የመረጡትን ነጥቦች ቁጥር ይስጧቸው። ታሪክ ከሆነ በጊዜ፣ ስዕላዊ ገለጻ ከሆነ በቦታ፦ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ግን አንዴ ከጀመሩበት አቅጣጫ ሳይዘልሉ። አሠራር ከሆነ በድርጊቱ ቅደም ተከተል። ክርክር ከሆነ ከሚታየውና ከቀላሉ ወደ ከባዱ። በእኛ ምሳሌ፦ ሥርና ውኃ፣ ጥላ፣ ውጤቱ፣ ጎረቤት፣ ተቃራኒው ነጥብ፣ መልሱ። ጎረቤቱ ከሥሩና ከጥላው በኋላ የመጣው እነሱን ሳይረዱ እሱን መረዳት ስለማይቻል ነው።

ደረጃ 4፦ መጻፍ

ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ ሳያርሙ፣ እስከ መጨረሻ ይጻፉት። እየጻፉ ማረም አንድ ያማረ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርና ባዶ ወረቀት ያስቀራል። ከተስተካከለ በኋላ የእኛ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ባሕር ዛፍ ሰብል በሚዘራበት ማሳ ዳር መተከል የለበትም። ዛፉ በፍጥነት ሲያድግ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ሥሩም ከግንዱ ርቆ ወደ ጎን ስለሚሄድ ማሳው ውስጥ ካለው ጤፍ ጋር እርጥበት ይሻማል። ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ ጥላው ዳር ላይ ያለውን ቡቃያ ፀሐይ ይነሳዋል። በዚህ ምክንያት ከዛፉ አጠገብ የበቀለው ጤፍ መሀል ማሳው ላይ ካለው ይልቅ ይቀጭጫል። ጉዳቱ ዛፉን በተከለው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። ሥርና ጥላ ወሰን ስለማያውቁ አጣናውን የሚሸጠው አንዱ፣ ምርቱ የሚቀንስበት ግን ጎረቤቱ ይሆናል። እርግጥ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ለገበሬው ደጋግሞ ገንዘብ ያመጣል። ይህን ጥቅም ግን ለእርሻ በማይሆን ተዳፋት ላይ ተክሎም ያገኘዋል።»

8 ዐረፍተ ነገር፣ 89 ቃል። ረጅሙ 19 ቃል፣ አጭሩ 7 ቃል ነው። አጭሩ «ጉዳቱ ዛፉን በተከለው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም» የሚለው ነው፤ በዚያ ቦታ ያጠረው በአጋጣሚ አይደለም። አንቀጹ ከማሳው ወደ ጎረቤት የሚታጠፈው እዚያ ላይ ስለሆነ አንባቢው ቆም እንዲል ተደርጓል።

መዝጊያውንም ልብ ይበሉ። «በአጠቃላይ ባሕር ዛፍ ጎጂ ስለሆነ…» የሚል ማጠቃለያ የለም። በ89 ቃል ውስጥ የተባለውን ነገር መልሶ መናገር አንባቢን እንደ ዘንጊ መቁጠር ነው። መጨረሻው አንባቢው ከሚያነሣው ጥያቄ ለመጨረሻው መልስ ሰጠና ቆመ። ማጠቃለያ ዐረፍተ ነገር የሚያስፈልገው አንቀጹ ብቻውን የቆመ፣ ረዘም ያለ፣ ብዙ ቁጥር የያዘ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ።

ደረጃ 5፦ ማያያዝ

አያያዥ ቃል ሐሳብን አይፈጥርም፤ ያለውን ዝምድና ያሳያል። «ስለዚህ» ተብሎ ከፊቱ ምክንያት ከሌለ ቃሉ ውሸታም ይሆናል። በመክፈቻችን መጥፎ አንቀጽ «ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት…» የሚለው እንዲሁ ነው፤ ከምን ተነሥቶ እንደመጣ አይታወቅም፤ እነማን እንደሆኑና ምን እንዲያደርጉ እንደተፈለገም አልተነገረም።

አማርኛ ከ«በተጨማሪም»ና ከ«እንዲሁም» በፊት ትናንሽ መሣሪያዎች አሉት። «ሥሩም» ላይ ያለችው «ም» ያለፈውን ዐረፍተ ነገር ሳታቋርጥ ታስቀጥላለች። «ዛፉ»፣ «ጉዳቱ»፣ «ጥላው» ላይ ያለው እምር (የታወቀን ነገር አመልካች) መጨረሻ «ቀድሞ የጠቀስነው» እያለ ወደ ኋላ ያስራል። እነዚህ በቦታቸው ከገቡ በ8 ዐረፍተ ነገር ውስጥ 3 ወይም 4 ግልጽ አያያዦች ይበቃሉ። በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «በመሆኑም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም ባሻገር» ከተደረደረ ጽሑፉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ድርብ ምክንያት ነው፤ «ምክንያቱም ሥሩ ስለሚሰራጭ ነው» አይባልም። ወይ «ምክንያቱም ሥሩ ይሰራጫል» ወይ «ይህ የሚሆነው ሥሩ ስለሚሰራጭ ነው» ይበሉ። ሁለተኛው ስም መቀያየር ነው። ድግግሞሽን ለመሸሽ ባሕር ዛፍን አንዴ «ተክሉ»፣ አንዴ «ዕፅዋቱ»፣ አንዴ «ደኑ» ቢሉት አንባቢው አራት ነገር ያለ ይመስለዋል። ዋናው ቃል ቢደጋገም አያሳፍርም።

ደረጃ 6፦ ማረም

ከተቻለ ጽሑፉን አሳድረው ይመለሱበት፤ ካልተቻለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ሁሉንም ስሕተት በአንድ ንባብ ለመያዝ አይሞክሩ፤ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ።

በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ አራት ነጥብ የሚፈልግ ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው «ሲሆን» ነው። አንዱን ዐረፍተ ነገር ከሌላው ጋር ያለ ምንም ዝምድና እየሰፋ ይቀጥላል። እያንዳንዱን «ሲሆን» በ«ነው።» ተክተው ይሞክሩ፤ ከአሥሩ በአብዛኞቹ ምንም አይጎድልም። «ከመሆኑም በላይ» እና «የሚገኝ» የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ «እያገለገለ የሚገኝ» ማለት «የሚያገለግል» ማለት ነው። «ጉዳት እያስከተለ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ደግሞ በስብሰባና በዜና የተስፋፋ፣ ስድስት ቃል ፈጅቶ «እየጎዳ ነው» የሚል አነጋገር ነው። «ከ… ጋር በተያያዘ»፣ «…ን በተመለከተ»፣ «ከ… አንጻር» የሚሉትንም ያጣሩ፤ «ከውኃ አንጻር ችግር አለ» ከማለት «ውኃ የለም» ማለት ይሻላል።

በሁለተኛው ዙር ማን ምን እንዳደረገ ይጠይቁ። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ሁለት ወንዶች በአንድ ዐረፍተ ነገር ከገቡ መምታታት ይመጣል። «ኃላፊው ሠራተኛውን ጠርቶ ደብዳቤውን ስላልተቀበለ ቅሬታ አቀረበ» ውስጥ ደብዳቤውን ያልተቀበለው ማን ነው? ቅሬታ ያቀረበውስ? መፍትሔው ቆርጦ ስም መጥራት ነው፦ «ኃላፊው ሠራተኛውን ጠራው። ሠራተኛው ግን ደብዳቤውን አልተቀበለም። በዚህም ኃላፊው ቅሬታ አቀረበ።» አንቱታም እዚህ ዙር ላይ ይታያል። አንድን ሰው «እሳቸው» ብለው ጀምረው በአምስተኛው ዐረፍተ ነገር «ተናገረ» ካሉ ሁለት ሰው ይፈጠራል። ተደራጊ ግሦችንም ይመርምሩ፦ «ተወስኗል»፣ «ተደርጓል»። አድራጊው ከታወቀ ይጻፍ።

በሦስተኛው ዙር የዐረፍተ ነገሮቹን መጨረሻ ቃል ብቻ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። ነው፣ ነው፣ ናቸው፣ ነው ከሆነ ጽሑፉ ያንቀላፋል። «የሥሩ መሰራጨት የሚታይ ነው» የሚለውን «ሥሩ ይሰራጫል» በማድረግ ድርጊቱን ወደ ግሱ ይመልሱ። በናሙናችን የመጨረሻ ቃላት፦ የለበትም፣ ይሻማል፣ ይነሳዋል፣ ይቀጭጫል፣ አይቆምም፣ ይሆናል፣ ያመጣል፣ ያገኘዋል።

ከተቻለ አራተኛውን ዙር ሌላ ሰው ይሥራው። ኃይለ ቃሉን በእጅዎ ሸፍነው የቀረውን ያስነብቡትና የተሸፈነው ምን እንደሚል ይጠይቁት። ቀረብ ያለ መልስ ከሰጠ አንቀጹ ቆሟል። ሌላ ነገር ካለ ጥፋቱን አንባቢው ላይ አይፈልጉ፤ ወይ ማስረጃው ሌላ ሐሳብ ነው የሚደግፈው፣ ወይ ኃይለ ቃሉ ነው መቀየር ያለበት። ብዙ ጊዜ ኃይለ ቃሉን መቀየር ይቀላል፤ እየጻፉ ሳለ ሐሳብዎ ራሱ ጠርቶ ይሆናልና።

ስለ ማመልከቻ አንድ ነገር

በማመልከቻ ደብዳቤ ኃይለ ቃሉ ጥያቄው ነው። «ጉዳዩ፦» በሚለው መስመር ርእሱ አስቀድሞ ስለተጻፈ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰላምታና መግቢያ ላይ መባከን የለበትም። «የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሠሩ፣ ማስረጃው ለምን እንደተፈለገና እስከ መቼ እንደሚያስፈልግ። 4 ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ተቀባዩ በቀን ብዙ ደብዳቤ የሚያይ ሰው ነው፤ ጥያቄው ሦስተኛው መስመር ላይ ከተደበቀ ደብዳቤው ወደ ነገ ይተላለፋል።

ፊደልና ነጥብ

«ሐሳብ» ብለው ከጀመሩ በአንቀጹ ውስጥ «ሃሳብ» አይጻፉ፤ «ሥራ»ና «ስራ»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» እንዲሁ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ሁለቱንም መጠቀም ግን ለማንም አይመችም። የብዙ ብዙም ይታረም፦ ቃላቶች፣ መምህራኖች፣ ሕፃናቶች ሳይሆን ቃላት፣ መምህራን፣ ሕፃናት።

ነጠላ ሰረዝ (፣) ዝርዝርን ይለያል። ድርብ ሰረዝ (፤) እያንዳንዳቸው ሙሉ የሆኑ፣ ግን የተቀራረቡ ሐሳቦችን ያገናኛል፤ በአንድ አንቀጽ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ከሆነ አንዳንዶቹ አራት ነጥብ መሆን ነበረባቸው ማለት ነው። በስልክ ሲጽፉ አራት ነጥብን ሁለት የላቲን ኮለን ደርድረው አይተኩት። የአማርኛ ኪቦርድ «።»ን እንደ አንድ ምልክት ይዞታል። ከፊቱ ክፍተት አይግባ፤ ከኋላው አንድ ክፍተት። በእጅ ጽሑፍ የአንቀጹ የመጀመሪያ መስመር ገባ ብሎ ይጀምራል፤ ስክሪን ላይ ግን በአንቀጾች መካከል አንድ ባዶ መስመር መተው ለዓይን ይቀላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም አያስፈልግም።